ማንም ሳይነካው ሌሊት የሚያፏጭ ሽንት ቤት፦ ቫልቩ ተቀይሮም ለምን አልተወውም?

ጥያቄ፦ «የምንኖረው ባለ አራት ፎቅ ኮንዶሚኒየም ምድር ላይ ነው። የሽንት ቤታችን የውሃ ሳጥን ሌሊት ማንም ሳይጠቀምበት በየሃያ ደቂቃው ገደማ እያፏጨ ይሞላል፤ ለአንድ ደቂቃ ያህል ይጮህና ዝም ይላል። ቀን ቀን ብዙም አይሰማም። ከሁለት ወር በፊት ቧንቧ ሠራተኛ መጥቶ ውሃ የሚሞላውን ቫልቭ ቀየረልን። ሁለት ሳምንት ያህል ጸጥ ብሎ ከረመ፤ ከዚያ ሰፈራችን ውሃ ጠፍቶ በመጣ ማግስት እንደገና ጀመረው። ሠራተኛው አሁን መቀመጫው ከነሳጥኑ ይቀየር ይላል። ጎረቤቴ ደግሞ ቫልቩን ዘይት ቀባው፣ ሳጥኑ ውስጥም ጡብ አስቀምጥ ይለኛል። ለንጽሕና ብለን ሰማያዊ ክኒን ሳጥኑ ውስጥ እንጨምራለን። የትኛውን ላድርግ?»

መልስ፦ መቀመጫውን አይቀይሩ። ዘይቱም ጡቡም ይቅሩ፤ ክኒኑን ዛሬውኑ ያውጡት። ሸክላው ካልተሰነጠቀ በቀር የሽንት ቤት ድምፅ ከሸክላው አይመጣም። ሳጥኑ ውስጥ ያሉት ሁለት የፕላስቲክ ዕቃዎች ናቸው፤ አንደኛው ውሃ የሚያስገባው መሙያ ቫልቭ፣ ሁለተኛው ሲጫኑት ውሃውን ወደ መቀመጫው የሚለቀው ማፍሰሻ ቫልቭ። ሁለቱም ሸክላው ሳይነካ ይጸዳሉ፣ ይቀየራሉም።

ስህተቱ የተጀመረው የሚጮኸው ዕቃ ጥፋተኛ ተደርጎ ሲወሰድ ነው። እርስዎ ቤት ያለው ብልሽት ሁለት ነው። ማንም ሳይነካው በየሃያ ደቂቃው የሚሞላ ሳጥን ከታች በማፍሰሻው በኩል ውሃ ያንጠባጥባል። ውሃው ሁለት ሴንቲሜትር ገደማ ሲወርድ ተንሳፋፊው አብሮ ይወርድና መሙያውን ይከፍታል፤ መሙያው የጎደለውን ተክቶ ይዘጋል፤ ከሃያ ደቂቃ በኋላ ያው ይደገማል። ፉጨቱ ራሱን የቻለ ሌላ ብልሽት ነው፤ መሙያው በቆሻሻ ወይም በግፊት ምክንያት የሚያሰማው ነው። አዲስ መሙያ ሲገባ ፉጨቱ ስለቆመ ሁሉም ነገር የተስተካከለ መሰለ እንጂ፣ በእነዚያ ሁለት ሳምንታትም ሳጥኑ በየሃያ ደቂቃው እየሞላ ነበር፤ ልዩነቱ ድምፅ አለማሰማቱ ነው። ውሃ ጠፍቶ ሲመጣ ደለሉ አዲሱ ቫልቭ ውስጥ ገባና ፉጨቱ ተመለሰ።

በሊትር ሲሰላ ነገሩ እንደሚመስለው ትንሽ አይደለም። የሳጥኑ ውስጣዊ ስፋት 35 በ15 ሴንቲሜትር ገደማ ቢሆን፣ ሁለት ሴንቲሜትር ውሃ አንድ ሊትር ያህል ነው። በየሃያ ደቂቃው አንድ ሊትር ማለት በሰዓት 3፣ በቀን 72፣ በወር ከ2,000 ሊትር በላይ ነው። ይህ ሁሉ ውሃ በቆጣሪው ካለፈ በኋላ ወደ ፍሳሽ ይሄዳል። ግቢው ውስጥ ውሃ ገፊ ፓምፕ ካለ ደግሞ ሳጥኑ በሞላ ቁጥር ፓምፑ ሊነሳ ይችላል። ሌሊት ፓምፑ ያለ ምክንያት ይነሳል ተብሎ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ የሚጠራበት ቤት ብዙ ጊዜ ችግሩ ያለው ሽንት ቤቱ ውስጥ ነው።

ሌሊት የሚብስበት ምክንያት ጸጥታው ብቻ አይደለም። ሰፈሩ ሲተኛ ከመስመሩ የሚቀዳው ውሃ ስለሚቀንስ የቧንቧው ግፊት ይጨምራል። ከጣሪያ ሮቶ የሚወርድ ውሃ ግፊቱ የሚታወቅ ነው፤ አሥር ሜትር ከፍታ አንድ ባር ገደማ ይሰጣል፤ ስለዚህ ምድር ላይ ላለ ቤት ከባለ አራት ፎቅ ጣሪያ የሚደርሰው ከ1.2 እስከ 1.5 ባር ያህል ነው። በቀጥታ ከመንገዱ መስመር የሚገባ ውሃ ግን ሌሊት ከዚህ ብዙ ሊበልጥ ይችላል። ግፊቱ ሲጨምር ውሃው ሊዘጋ በተቃረበው ጠባብ ቀዳዳ በኩል ፈጥኖ ያልፋል። ያን ጊዜ ቀዳዳው ላይ የተቀመጠችው ስስ ጎማ፣ ልጆች በከንፈራቸው ይዘው እንደሚነፉት ቅጠል፣ እየተርገበገበች ትጮኻለች። ጎማዋ የደረቀች ከሆነች ወይም አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ከሥሯ ከገባች ጩኸቱ ይብሳል።

ወደ ሥራው ከመግባትዎ በፊት ምርመራው አንድ ሌሊት ቢወስድ አይከፋም። ማታ ሳጥኑ እስኪሞላ ጠብቀው በውስጠኛው ግድግዳ ላይ የውሃውን ልክ በእርሳስ ያስምሩ። ከዚያ ግድግዳው ላይ ያለውን፣ ወደ ሳጥኑ የሚሄደውን ውሃ የሚዘጋውን አንግል ቫልቭ ይዝጉና ማንም ሳይጠቀምበት ይደር። ጠዋት ውሃው ከመስመሩ በታች ከወረደ ማፍሰሻው ያፈሳል፤ ይህ የተረጋገጠ ነው። ካልወረደ ደግሞ ችግሩ የመሙያው ብቻ ነው፤ ይህ ሲሆን አንግል ቫልቩ ተከፍቶ ውሃው እየጨመረ ሄዶ ትርፍ ውሃን ወደ መቀመጫው በሚያወርደው ቱቦ (ትርፍ ቱቦ) አፍ ሲፈስ ያዩታል። እርስዎ በጻፉት ምልክት ግን ይህኛው አይመስለኝም። በትርፍ ቱቦ የሚፈስ ውሃ ሳያቋርጥ ሲሽ ሲል ይሰማል እንጂ በየሃያ ደቂቃው አይቆጥርም። ሌሊቱን መጠበቅ ካልፈለጉ ቀይ ሥር የተቀቀለበትን ውሃ አንድ ብርጭቆ ሳጥኑ ውስጥ ይጨምሩና ሳይለቁት ግማሽ ሰዓት ይቆዩ። መቀመጫው ውስጥ ያለው ውሃ ቀይ መልክ ከያዘ መልሱን አገኙ። ሰማያዊ ክኒኑ ሳጥኑ ውስጥ ሳለ ይህን ሙከራ አያድርጉ፤ ቀለሙ ያሳስትዎታል።

አንግል ቫልቩን ዘግተውም ፉጨቱ ከቀጠለ ድምፁ የእርስዎ አይደለም። የጎረቤት ሳጥን ወይም የጋራው ቧንቧ ነው፤ ኮንዶሚኒየም ላይ ድምፅ በቧንቧ ተሸክሞ ሁለት ፎቅ መውረዱ እንግዳ ነገር አይደለም።

ማፍሰሻውን ከመንካትዎ በፊት ብዙ ሰው የሚዘለው አንድ ቀላል ነገር አለ። የሳጥኑ ክዳን ላይ ያለው አዝራር ከሥሩ ዘንግ አለው። ዘንጉ ረዝሞ ከታሰረ ክዳኑ ሲገጠም ማፍሰሻውን በስሱ ተጭኖ ይይዘዋል፤ ጎማው ሙሉ በሙሉ አይቀመጥም፤ ውሃው ያንጠባጥባል። ክዳኑ ተነሥቶ በተመለሰ ቁጥር ይህ ሊሆን ይችላል። ክዳኑን አንሥተው ሳጥኑን ክፍት ይተዉት። መንጠባጠቡ ከቆመ ዘንጉን ጥቂት ማሳጠር ይበቃል፤ ጎማም አይገዙም። አዝራሩ ሲጫኑት ሁለት ሦስት ሚሊሜትር ያህል ባዶውን ከተንቀሳቀሰ በኋላ ነው ማፍሰሻውን መንካት ያለበት። የሰንሰለት ዓይነት ከሆነም ነገሩ ያው ነው፤ ሰንሰለቱ ተወጥሮ መቆም የለበትም፤ በጣም ከረዘመ ደግሞ ከጎማው ሥር ገብቶ ይነከሳል።

ክዳኑ ተነሥቶም ካፈሰሰ ጎማው መታየት አለበት። አንግል ቫልቩን ይዝጉና ውሃውን ይልቀቁት፤ ከሥር የቀረውን በስፖንጅ ያውጡ። ባለ ሁለት አዝራር ሳጥን ላይ የማፍሰሻው አካል አብዛኛውን ጊዜ ወደ ግራ ሩብ ዙር ሲዞር ተላቆ ይወጣል፤ ጉልበት አይፈልግም፤ እምቢ ካለ ጎንና ጎኑ ላይ መቆለፊያ ጥርስ ይፈልጉ። ከሥሩ የቀለበት ቅርጽ ያለው ጎማ አለ። በጣትዎ ይዳስሱት። ጣትዎ ላይ ጥቁር ነገር ከቀረ ጎማው መሟሟት ጀምሯል፤ የእርስዎ ክኒን ሥራ ይህ ነው። ክሎሪን ያለበት ክኒን ሳጥኑ ውስጥ ሲከርም ጎማውን ያደርቀዋል፣ ያጣምመዋል፣ በመጨረሻም ያሟሟዋል፤ በረኪና መጨመርም ያው ነው። መቀመጫው ማጽጃ ከፈለገ ራሱ መቀመጫው ላይ ይፍሰስ።

ጎማው ለስላሳና ሙሉ ከሆነ ችግሩ ቆሻሻ ወይም የኖራ ቅርፊት ነው። ድሬዳዋ ውስጥ የሚኖር ሰው ይህን ቅርፊት ከሻይ ማንቆርቆሪያው ያውቀዋል። የከርሰ ምድር ውሃ በሚደርሳቸው ሌሎች ሰፈሮችም እንዲሁ ይጋገራል። ጎማውን አቼቶ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ዘፍዝፈው በጨርቅ ይጥረጉት። ጎማው የሚያርፍበትን የፕላስቲክ ከንፈርም አይርሱ፤ በጣትዎ ዙሪያውን ሲዳስሱት እንደ መስታወት ልሙጥ መሆን አለበት። እዚያ ላይ ቢላዋ፣ ካቻቢቴ ወይም የብረት መፈግፈጊያ ማሳረፍ ክልክል ነው፤ አንዲት ጭረት ከቀረች ምንም አዲስ ጎማ አይዘጋውም። ጎማው መቀየር ካለበት አሮጌውን ይዘው ወደ ሱቅ ይሂዱ። በዓይን ግምት አይገዛም፤ ሁለትና ሦስት ሚሊሜትር ልዩነት ውሃ ያሳልፋል። ጎማው ብቻውን ካልተገኘ ሙሉ ማፍሰሻው ይገዛል። ተመሳሳይ ስሪት ካገኙ የላይኛውን አካል ብቻ ነቅለው ይተካሉ፤ ስሪቱ ከተለየ ግን ሳጥኑ ከመቀመጫው መነሣት አለበት፤ ለዚያ ሥራ ባለሙያ ይጥሩ። ሳጥኑን የሚይዙት ሁለት ቡሎኖች አንዱ ከሌላው ቀድሞ ከጠበቀ ሸክላው ይሰነጠቃልና፣ እየተፈራረቁ በጥቂት በጥቂቱ ነው የሚጠብቁት።

አሁን ወደ ፉጨቱ። ቫልቩ የሁለት ወር ዕድሜ ስላለው ሌላ መግዛት ገንዘብ መጣል ነው፤ መጽዳት ነው ያለበት። አንግል ቫልቩ እንደተዘጋ የመሙያውን ራስ ይክፈቱ። ሥሪቱ ይለያያል፤ አንዳንዱ ራሱ ተጭኖ ጥቂት ዞሮ ይላቀቃል፣ ሌላው እንደ ጠርሙስ ክዳን ይፈታል። ሲፈቱ የቫልቩን ግንድ በአንድ እጅ አጥብቀው ይያዙ፤ አለዚያ ሙሉው ቫልቭ አብሮ ይዞርና ከሥር ያለው ጎሚኒ ይላቀቃል፤ ውሃው ወለል ላይ ነው የሚያዩት። ከራሱ ሥር ስስ ክብ ጎማ ትገኛለች። ሲያወጧት የትኛው ፊቷ ወደ ላይ እንደነበር ስልክዎ ላይ ፎቶ ያንሱ፤ ተገልብጣ ከገባች ቫልቩ አይዘጋም። ብዙዎቹ ላይ መርፌ የምታህል ቀዳዳ አለች። ቫልቩን የሚዘጋው በዚያች ቀዳዳ አልፎ ከጎማዋ ጀርባ የሚጠራቀመው ውሃ ስለሆነ አንድ የአሸዋ ፍሬ ብትደፍናት ውሃው አልቆም ይላል። በውሃ ይጠቡት እንጂ በመርፌ አያስፉት።

ራሱ ገና ክፍት ሳለ ቀጣዩ እርምጃ ይመጣል፤ ሁሉም የሚዘለው ይህን ነው። አንድ የፕላስቲክ ኩባያ በተከፈተው የቫልቭ አፍ ላይ ደፍተው ይያዙና አንግል ቫልቩን ለአሥር ወይም ለአሥራ አምስት ሰከንድ ይክፈቱት። ውሃው ኩባያውን መትቶ ወደ ሳጥኑ ይመለሳል፤ ቧንቧው ውስጥ የተቀመጠውን ደለልና ዝገት ጠርጎ ያወጣል። ኩባያውን ካልያዙ ውሃው ጣሪያ ይደርሳል። ይህ ሳይደረግ ጎማዋ ብቻ ታጥባ ብትመለስ ከታች ያለው ደለል በማግስቱ ይተካል።

ከዚያ ፍሌክሲብሉን፣ ማለትም ከአንግል ቫልቩ ወደ ሳጥኑ የሚሄደውን ተጣጣፊ ቱቦ፣ ከሳጥኑ ሥር ይፍቱት፤ ባልዲ ከሥሩ ያድርጉ። በቫልቩ እግር ውስጥ የጣት ጫፍ የምታህል ወንፊት ልትኖር ትችላለች፤ በፒንሳ ቀስ ብለው ይሳቧት፣ ይጠቧት፣ ይመልሷት። አንዳንድ ሠራተኛ ውሃ እንዲፈጥን ብሎ አውጥቶ ይጥላታል፤ ቫልቩ በሁለት ሳምንት የቆሸሸው በዚህ ምክንያት ከሆነ አያስደንቅም። በአንዳንድ ቫልቮች ማሸጊያ ውስጥ ለከፍተኛ ግፊት የሚሆን ትንሽ የፕላስቲክ ቀለበትም ይመጣል፤ ምድር ላይ ላለ ቤት መግባት ያለባት እሷ ናት። ላይኛው ፎቅ ላይ ሮቶው ሥር ላለ ቤት ግን ብትገባ ሳጥኑ ለመሙላት ብዙ ጊዜ ሊፈጅ ይችላል።

ፍሌክሲብሉን ሲመልሱ ቴፍሎን አይጠምጥሙበት። እዚያ ውሃ የሚያቆመው ውስጡ ያለው ጎሚኒ እንጂ ጥርሱ አይደለም፤ ቴፍሎን ዳዶውን አሳብጦ የፕላስቲኩን ጥርስ ያበላሻል። በእጅ እስከሚችሉት ያጥብቁ፤ ቀጥሎ ቢበዛ ሩብ ዙር በቁልፍ። ካንጠባጠበ ጎሚኒው ይቀየራል እንጂ ዳዶው አይታነቅም።

መጨረሻ ላይ የውሃውን ልክ ያስተካክሉ። ውሃው ከትርፍ ቱቦው አፍ ሁለት ወይም ሁለት ተኩል ሴንቲሜትር ዝቅ ብሎ መቆም አለበት፤ ለዚህ ተንሳፋፊው ላይ የምትዞር ብሎን ወይም የምትንሸራተት መያዣ አለች። አሮጌው ባለ ኳስ ዓይነት ከሆነ ክንዱን ማጠፍ የተለመደ ነው፤ የነሐስ ክንድ ይታጠፋል፣ የፕላስቲክ ግን ይሰበራል። ትንሽ ቱቦ ከቫልቩ ወደ ትርፍ ቱቦው የምትገባ ከሆነ ጫፏ ከአፉ በላይ ተንጠልጥላ ትቅር፤ ወደ ውስጥ ተገፍታ ከውሃው ልክ በታች ከወረደች ሳጥኑን ራሱን እየመጠጠች ልታፈስ ትችላለች።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ፉጨቱ ቢቀንስም ጨርሶ ካልጠፋ የቀረው ግፊቱ ነው። አንግል ቫልቩን ሙሉ ከፍተው፣ ሳጥኑ እየሞላ ሳለ ሩብ ሩብ ዙር እየዘጉ ያዳምጡ። አንድ ቦታ ላይ ድምፁ ይጠፋል፤ እዚያ ይተዉት። ሳጥኑ በሁለት ወይም በሦስት ደቂቃ ከሞላ ምንም አልጎደለብዎትም። አንግል ቫልቩ ራሱ ማፏጨት ከጀመረ ግን ውስጡ ያለችው ጎሚኒ ላልታለች ማለት ነው፤ እሱ ይቀየር። ለዓመታት ያልተነካ አንግል ቫልቭ አልዞር ካለ በፒንሳ አይታገሉት፤ ግንዱ ግድግዳው ውስጥ ከተሰበረ ሥራው ሴራሚክ ማፍረስ ይሆናል። መጀመሪያ የቤቱን ዋና ሳራቺኔስካ ይዝጉ፤ የዋናውን መዝጊያ ቦታ ካላወቁ ሥራውን አይጀምሩ።

ጎረቤትዎ ስለሰጡት ምክር። የሞተር ዘይት፣ ግሪስና ቫዝሊን የቫልቭ ጎማን ያሳብጣሉ፤ ለሦስት ቀን ፉጨቱን ዝም ያሰኙና ጎማዋን ገድለው ይሄዳሉ። መቀባት የግድ ከሆነ የሲሊኮን ቅባት ብቻ ነው። ጡብ ውሃ ውስጥ ሲከርም ይፈረፈራል፤ ፍርፋሪው የሚያርፈው አሁን ያጸዱት ጎማ ላይ ነው። ውሃ መቆጠብ ፈልገው ከሆነ የግማሽ ሊትር የውሃ ፕላስቲክ ጠርሙስ ሞልተው፣ ክዳኑን አጥብቀው፣ ተንሳፋፊውን በማይነካበት ጥግ ያቁሙት።

ፉጨቱ እንዳይመለስ የሚያደርገው አንድ ልማድ ነው። ውሃ ሲጠፋ የሽንት ቤቱን አንግል ቫልቭ ይዝጉ። ሲመለስ መጀመሪያ የወጥ ቤቱን ቧንቧ፣ ጫፉ ላይ ያለችውን ወንፊት ፈትተው፣ ይክፈቱ። አየሩ እየተንፈቀፈቀ ይወጣል፣ ከኋላው ቡናማው ውሃ ይመጣል፤ ይህን ውሃ በባልዲ ቢቀበሉት መቀመጫው ላይ ለማፍሰስ ይሆናል። ከጠራ በኋላ የሽንት ቤቱን ይክፈቱ። ሮቶ ካለ ደግሞ ደለሉ የሚቀመጠው ከሥሩ ስለሆነ፣ በዓመት አንድ ሁለት ጊዜ ካልታጠበ ከላይ የተጻፈውን ሁሉ መልሰው ይሠሩታል።

ሁለት ነገሮች ከዚህ መልስ ውጭ ናቸው። ድምፁ ሲሞላ ሳይሆን ውሃው ሲለቀቅ ከመቀመጫው ውስጥ እንደ ጉልጉልታ የሚወጣ ከሆነ የፍሳሽ መስመሩ ወይም የአየር መውጫው ተደፍኗል፤ ሳጥኑን ቢቀይሩት ለውጥ የለውም። ሳጥኑ ግድግዳ ውስጥ የተቀበረ ዓይነት ከሆነም ሴራሚክ ለማፍረስ የሚነሣ ሠራተኛ ካጋጠመዎት ያስቁሙት፤ የአዝራሩ ሰሌዳ ሲነሣ በዚያው ቀዳዳ ሁለቱም ቫልቮች በእጅ ይወጣሉ።

ቅደም ተከተሉን አያፋልሱ፤ መጀመሪያ አዝራሩንና የማፍሰሻውን ጎማ፣ ቀጥሎ የመሙያውን ማጽዳት፣ መጨረሻ ላይ አንግል ቫልቩን። ሲጨርሱ የእርሳሱን መስመር እንደገና ያስምሩ፤ አንግል ቫልቩን ዘግተው ያሳድሩት። ጠዋት ውሃው መስመሩ ላይ ካለ ማፍሰሻው ዘግቷል፤ አንግል ቫልቩን ይክፈቱ፣ ሠራተኛውንም ሌላ ቀን ለሌላ ሥራ ይጥሩት።